ባለ አንድ ዓይኑ ሥዕል በሮማነወርቅ ቤት

ወረቀቱ ዛሬ እኔ ጋ ነው። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ተኩል አይበልጥም። በአራቱ ማዕዘን አራት ቀዳዳ አለው፤ የሎሚ እሾህ የወጋው ነው። ከግርጌው በስተቀኝ ሻጋታ የበላው ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። ከመካከሉ ዝቅ ብሎ፣ ልክ ከተሳለው አንበሳ ራስ ላይ፣ ቀለሙ ደብዝዞ እንደ ሳንቲም የከበበ እድፍ አለ። እድፉ የእማሆይ ውዳሴ ከንፈር ያረፈበት ነው። በዚህ ወረቀት ምክንያት እማሆይ ውዳሴ ቀባሪ ሊያጡ ነበር።

የወረቀቱ ባለቤት ልጃቸው ሮማነወርቅ ነበረች። እኔ የደረስኩባት በእርጅናዋ ነው። ዲላ ላይ፣ ወደ ጪጩ ከሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ የነበረውን ቤቷን ከእናቴ ቤት የሚለየው የእንሰት አጥር ብቻ ነበር። እትዬ እላት ነበር። ሰው ፊት ብዙ አትናገርም፤ እኔም እንደዚያው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ የተስማማነው። ይህን ታሪክ በአንድ ቀን ተቀምጣ አልነገረችኝም። የተሰጣ ቡና አብረን ስንገለብጥ ዛሬ ትንሽ፣ ለሳምንቱ ትንሽ እያለች ጨረሰችው።

አባቷ ከመንዝ የመጣ ወታደር ነበር፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ባሏ ይርጉ ጣሊያን ዲላ ሊገባ ሲል ጠመንጃውን አንስቶ ጫካ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ሞተም ዳነም የሚል ወሬ አልመጣም። ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና እናቷ ናቸው። እማሆይ ውዳሴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመነኮሱ፣ ሁለቱም ዓይናቸው የጠፋ አሮጊት ነበሩ። ጓሮው ውስጥ ጥቂት እንሰትና አሥራ ሦስት እግር ቡና ነበር። ይህ ሁለት ሰው ዓመቱን ሙሉ አያቆይም። ስለዚህ ሮማነወርቅ ጣሊያኖች ከሰፈሩበት ግቢ ልብስ አጣቢ ሆና ገባች።

ይህ በዚያን ጊዜ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አልነበረም። በየቦታው ካህን ይያዝ፣ ሰው ይገደል ነበር። ወይዘሮ እታገኝ የምትባል የበርበሬና የጨው ነጋዴ ነበረች፤ ቄስ ወንድሟን ጣሊያን ገድሎባታል። ሮማነወርቅ የመኮንኖቹን ሸሚዝ ተሸክማ ወደ ለገዳራ ወንዝ ስትወርድ እታገኝ ከሱቋ ደጃፍ ላይ ሆና፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ፣

«ደሙ ለቀቀልሽ ወይስ ሳሙና ልጨምርልሽ?» ትላት ነበር።

ሮማነወርቅ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።

የሚገርመው ሁለቱም የአንድ ማኅበር ሰዎች ነበሩ። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን፣ እኛ አቦ የምንላቸውን ጻድቅ፣ ጽዋ በየተራ ቤታቸው የሚጠጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። ማኅበርተኛ ጽዋ ጠጥቶ የሚሄድ ብቻ አይደለም። ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲሞቱ መቃብር የሚቆፍርና ቃሬዛ የሚሸከም እሱ ነው። ወንድ ለሌለው ቤት ደግሞ ከማኅበሩ ሌላ ቀባሪ የለም።

ስለ ይለፉም መናገር አለብኝ። የግቢው በር ላይ የሚቆሙት የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ማንንም አያስገቡም። የሮማነወርቅ ይለፍ ወፍራም፣ አመድ የመሰለ ወረቀት ነበር፤ የአውራ ጣቷ አሻራና የጣሊያን ክብ ማኅተም አለበት። ላብ እንዳያበላሸው በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ትይዘዋለች። ቤት ስትገባ ከእናቷ አልጋ በላይ የጣራው ሣር ውስጥ ትሰካዋለች። ሥዕሉ እስኪመጣ ድረስ በዚያ ቤት የነበረው ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

ሥዕሉ የመጣው በ1929 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። ልብስ የሚያስረክባት የመጋዘኑ መኮንን ፀጉሩ የሳሳ፣ ሲቆጣ ጆሮው የሚቀላ ሰው ነበር። ከአገሩ ያመጣው አንድ ሳጥን ሙሉ ሥዕል ነበረው። ሮማነወርቅ ሳታውቅ በደንብ ያልደረቀ የአንሶላ ክምር ሳጥኑ ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ዝናቡም ሦስት ቀን አላባራ አለ። እርጥበቱ ወደ ውስጥ ሰርጎ ወረቀቶቹ ሻገቱ። መኮንኑ ሳጥኑን ሲከፍት ጮኸ፤ የሳጥኑን ክዳን አንስቶ ትከሻዋን መታት። ከዚያ ደህና ደህናውን ለይቶ አስቀረና የሻገተውን እግሯ ሥር ወርውሮ አንድ ነገር ተናገረ።

«አቃጥይው ነው የሚልሽ» አላት ከፈለኝ።

ከፈለኝ አስተርጓሚው ነው። አዲስ አበባ ሚሲዮን ቤት ጣሊያንኛ የተማረ፣ ቀልድ የሚወድ፣ ነገር ግን ከተማው ውስጥ አብሮት የሚስቅ ያጣ ሰው ነበር።

ከመጋዘኑ ጀርባ እሳት አነደደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወረቀት ከተተች። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ዋሻ ውስጥ የተቀመጡ፣ ገላቸው የተራቆተ፣ ጢማቸው የረዘመ ሽማግሌዎች። ሦስተኛው እሳቱ ውስጥ ሲጠቀለል ነው ቁራው የታያት። ቁራ በአፉ ዳቦ ይዞ ወደ ሽማግሌው ይወርዳል። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ በበረሃ ቁራ ይመግባቸው የነበሩት አባ ጳውሊ! እጇን ወደ እሳቱ ሰደደች። ጣቷ ተለበለበ እንጂ ወረቀቱ አልተረፈም።

አራተኛውን አነሳች። ይህም ሽማግሌ ነው፤ ይህም ዋሻ ውስጥ ነው። ከእግሩ ሥር ግን አንበሳ ተኝቷል።

«አቡዬ!» ብላ ተንበረከከች።

«ምን አገኘሽ፣ እትዬ ሮማን?» አለ ከፈለኝ ሲጋራውን እንደያዘ።

«አቦን ላቃጥል ነበር! ተመልከት፣ ልጄ፣ አንበሳቸውን ተመልከት።»

ከፈለኝ ጎንበስ ብሎ አየ። «እኔ ስለ አቦ አላውቅም። የማውቀው ሰውዬው ሲፎክርበት የሰማሁትን ነው። ይህ በብሩሽ የተሳለ አይደለም። የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት የኖረ ሰው የመዳብ ሰሌዳ በሰም ቀብቶ፣ ሰሙን በመርፌ ጭሮ፣ መዳብ የሚበላ ውሃ አፈሰሰበት። መርፌው የሄደበት ሁሉ ተበልቶ ጎደጎደ። ጉድጓዱን ቀለም ሞልተው ወረቀት ሲጫኑበት ይህ ወጣ።»

«ይኼ ራሱ ነው ሦስት መቶ ዓመት የኖረው?»

«ኧረ ይኼማ የልጅ ልጁ ነው! የጥንቱን ፎቶግራፍ አንስተው በማተሚያ መኪና ያባዙት ነው። በአገራቸው ሺህ ጊዜ ታትሟል። ዋጋ ቢኖረው እሳት ውስጥ ክተቺ ይልሽ ነበር? ውሰጂው፣ ውሰጂው። እኔ አላየሁም።»

በነጠላዋ ሥር ደብቃ ወሰደችው። መስመሮቹን በኋላ እኔም በደንብ አይቻቸዋለሁ። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ናቸው። ጥላው ሁሉ መስመር በመስመር ላይ ተጋድሞ የተሠራ ነው። የሽማግሌው የጉልበቱ ቆዳ ሲጨማደድ፣ የአንበሳው ጎፈር ሲዘናፈል፣ ከድንጋዩ ላይ የተቀመጠው የሰው ራስ ቅል ጥርሱ ሲጎድል፣ ሁሉም በዚያ በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ሽማግሌው ወደ ራስ ቅሉ ዘወር ብሏል። ከጀርባው፣ ከግንድ ላይ፣ ሰፊ ባርኔጣ ተሰቅሏል። ሮማነወርቅ ያን ጊዜ ባርኔጣውን አላየችውም፤ ወይም እንዳታይ ሆነች። አንበሳውን ነው ያየችው።

በአራት የሎሚ እሾህ ከእናቷ ራስጌ ሰካችው። እማሆይ ውዳሴ በጣታቸው ዳሰሱት።

«አንበሳቸው የት ጋ ነው?» አሉ።

ሮማነወርቅ እጃቸውን ይዛ አሳየቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምረው ጧትና ማታ ቦታውን በጣታቸው እየፈለጉ ይሳለሙት ነበር።

መስከረም አምስት የጽዋው ተራ የሮማነወርቅ ነበር። ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ፣ ሣር ጎዝጉዛ ጠበቀች። ካህኑ አባ ተክለማርያም ገቡ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ አቶ ሠረቀብርሃን ገባ፤ ድሮ ግብር ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነው። እታገኝም ገባች። ገና ሳትቀመጥ ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ይኼ ማነው?»

«አቦ ናቸው» አለች ሮማነወርቅ።

«የትኞቹ አቦ? እንባቸውን የምትጠጣው ወፍ የታለች?»

«ወፏ… አልተሳለችም።»

«እኔ የማውቃቸውን አቦ ስልሳ አንበሳና ስልሳ ነብር ነው የሚከተላቸው። እዚህ አንድ አንበሳ ተጋድሟል። የቀረውን ጣሊያን ማረከባቸው?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«ገላቸውን የሸፈነው ጠጉርስ? ነው ወይስ ከሸሚዙ ጋር አጥበሽ አራገፍሽላቸው?»

አቶ ሠረቀብርሃን ተነስቶ ቀረበ። «ያ የተሰቀለው ባርኔጣ ነው» አለ ረጋ ብሎ። «የካቶሊክ ሹሞች የሚደፉት ነው። አዲስ አበባ አይቼዋለሁ።»

ከዚያ እታገኝ ወደ ሽማግሌው ፊት ተጠጋች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንድ ዓይን ነው ያለው።»

በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ሁልጊዜ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ያየናል። በጎን የሚሳለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጠው፣ ይሁዳ ነው፤ ጌታን የገረፉት ናቸው፤ ሰይጣን ነው። ይህን ማንበብ የማይችልም ያውቀዋል። የመዳቡ ጫሪ ግን ይህን ሕግ አያውቅም ነበር። ሽማግሌውን ወደ ራስ ቅሉ አዙሮ በጎን ሣለው፤ አንዱ ዓይን በዚያው ቀረ።

«ከማን እጅ አገኘሽው፣ ልጄ?» አሉ አባ ተክለማርያም።

«ከግቢው ነው፣ አባ። ሊያቃጥሉት ሲሉ…»

«እነሱ ሊያቃጥሉት ያሉትን እኛ እንሳለመው?» አለች እታገኝ። «ወንድሜን የገደሉት ሥዕል ሲሰጡሽ ተቀብለሽ ከእናትሽ ራስጌ ሰቀልሽ!»

እማሆይ ውዳሴ ከአልጋቸው ላይ ቀና አሉ። «ዓይን አነሰው ነው የምትሉት? እኔ ሁለቱም የለኝ። ከሰው አልቆጠርም?»

ማንም አልሳቀም። አባ ተክለማርያም «አውርጂው» አሉ፤ ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነበር ፊታቸው ላይ። ሮማነወርቅ ቆመች። አባ ጳውሊን በእጇ አቃጥላለች። አቦንም ልትጨምር? አላወረደችም።

አቶ ሠረቀብርሃን ጽዋውን እንደተሸፈነ አነሳው። ጠላው ሳይቀመስ፣ ዳቦው ሳይቆረስ ወጡ። ደጃፉ ላይ ዘወር ብሎ፣

«አቃጥለሽ አመዱን አሳዪን» አለ። «አመዱን ሳናይ ጽዋው ወደዚህ ቤት አይመለስም። ከዚህ ቤት የሚወጣ ሬሳም ተሸካሚ የለውም።»

እማሆይ ውዳሴ ይህን ሰሙ። አልጋቸው ከበሩ ሦስት እርምጃ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ወር ሮማነወርቅ ስትነግረኝ ቡናውን መገልበጥ ትታ ነበር። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ «ውሃው ረከሰ» እያሉ ከእሷ በላይ ይወጣሉ። ሰላምታ የሚመልስላት ጠፋ። አንድ ቀን ጧት የበሯ መቃን ላይ በከሰል አንድ ትልቅ ዓይን ተስሎ አገኘች። አጠበችው። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ተስሏል። እንደገና አጠበችው። እማሆይ ውዳሴ ደግሞ መብላት እየተው፣ ትንፋሻቸው እያጠረ ሄደ። «የት ነው የምትቀብሪኝ?» ብለው አንዴ ብቻ ጠየቋት። «ከአባትሽ ጎን አይደለም እንዴ?»

«ከአባቴ ጎን ነው፣ እማዬ» አለች።

እርግጡን ለማወቅ ብላ ከፈለኝን ለመነችው። «ጌታህን ጠይቅልኝ። እኚህ ሰው ማን ናቸው?»

ከፈለኝ ጠየቀ። መኮንኑ ሥዕሉ አለመቃጠሉን ሲሰማ ጆሮው ቀላ፤ ጠረጴዛውን መታ፤ ከዚያ ሳቀ። ከፈለኝ ሲተረጉም ወደ መሬት እያየ ነው። «አቦ አይደሉም፣ እትዬ ሮማን። ጂሮላሞ ይላቸዋል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሮማውያን ቋንቋ የመለሱ፣ በረሃ የገቡ መነኩሴ ናቸው። አንበሳው እግሩን እሾህ ወግቶት አውጥተውለት ነው የተከተላቸው። ባርኔጣውንም የኋላ ሰዎች ናቸው የጨመሩባቸው።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አጣቢዋ የማን ቅዱስ እንደሆነ እስክትለይ የቅኝ ግዛቱ ሥራ ይቁም ወይ ብሎ ነው የሳቀው» አላት።

ተሳስታለች ማለት ነው። እነ እታገኝ ልክ ነበሩ፤ አቦ አይደሉም። እያለቀሰች ቤቷ ገባች። ወረቀቱን ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ እናቷ ሰሙ።

«ምን አለሽ?»

ዋሽታቸው አታውቅም ነበር። የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«አንበሳው ግን አለ?»

«አለ።»

«አንበሳ የተኛለት ሰው ነው። ይበቃኛል። ተይልኝ።»

ተወችላቸው።

ጥቅምት ሦስት ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ እማሆይ ውዳሴ አረፉ። ሮማነወርቅ ገንዛ፣ እጃቸውን አጣምራ፣ ወደ አቶ ሠረቀብርሃን ቤት ሮጠች። በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ነበር።

«እናቴ አርፋለች።»

«ነፍስ ይማር» አለ። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «አመዱስ?»

«አቶ ሠረቀብርሃን፣ ዛሬ እንኳ…»

«እኔ ብቻዬን አይደለሁም። ማኅበር የተናገረው ነው። አመዱን አምጪና ከቀትር በፊት እንቆፍራለን።»

ተመለሰች። እሳቱን አያያዘች። ወረቀቱን ከግድግዳው ስትነቅል አንዱ እሾህ ተሰበረ። ወደ እሳቱ አቀረበችው። ያኔ አንበሳው ራስ ላይ ያለውን እድፍ አየች። የእናቷ አፍ በየቀኑ ያረፈበት ነው፤ ገና ወዙ አልደረቀም። ስትጮህ የሰማኋት ይህን ስትነግረኝ ብቻ ነው፤ «የእናቴን አፍ ለእታገኝ ብዬ ላቃጥል? እንጀራዬን ባቃጥል ይሻለኛል!» አለች፤ አርባ ዓመት ያለፈው ቁጣ ትናንት የነደደ ይመስል ነበር።

ያቃጠለችውም እንጀራዋን ነው። ደረቅ የእንሰት ቅጠል ላቃጥል ብላ አስባ ነበር፤ ነገር ግን የቅጠል አመድ እንደሚበንን፣ የወረቀት አመድ ግን ቅርፊት ቅርፊት እያለ እንደሚቀር ማንኛዋም ሴት ታውቃለች። ወረቀት ነው የሚያስፈልገው። በቤቱ የነበረው ሌላ ወረቀት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ይለፉን ከጣራው ሣር ውስጥ አወጣችው፤ ከቅጠሉ ፈታችው፤ ገል ላይ አድርጋ ለኮሰችው። ሥዕሉን በዚያው ቅጠል ጠቅልላ ይለፉ ከነበረበት ሰካችው።

ገሉን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ማኅበርተኞቹ አቶ ሠረቀብርሃን ደጅ ተሰብስበው ነበር። እሱ አየና ወደ እታገኝ ዘወር አለ።

«አንቺ እዪው። ወረቀት ነው?»

እታገኝ ገሉን ተቀበለቻት። ጎንበስ ብላ አየች። ብዙ አየች። አባ ተክለማርያም «እስቲ» ብለው ሊጠጉ ሲሉ ጣቷን አመዱ ውስጥ ከትታ አደቀቀችው፤ አማሰለችው።

«ወረቀት ነው» አለች። «የጣሊያን ወረቀት ነው።» አመዱን መሬት ላይ ደፋችና በእግሯ ረገጠችው።

ከቀትር በፊት ቆፈሩ። እማሆይ ውዳሴ ከባላቸው ጎን፣ በዚያ ቀይ አፈር ተቀበሩ። በመንገድ ሁሉ ለሮማነወርቅ አንድ ቃል የተናገራት የለም። ተሸከሙ፣ ቀበሩ፣ ሄዱ።

በማግስቱ ግቢው በር ላይ ያለ ይለፍ ስትቀርብ አስካሪው በሰደፍ መለሳት። ከፈለኝ ከሩቅ አይቶ ፊቱን አዞረ። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ባለው ጊዜ እንጨት እየተሸከመች፣ የሰው እንሰት እየፋቀች፣ በቆጮ ኖረች። ይርጉ አልተመለሰም። ጽዋው ወደ ቤቷ ተመለሰ፤ አልፎ አልፎ የሚስቅላትም ተገኘ። እታገኝ ግን ከእሷ ጎን አትቀመጥም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት።

ሁለቱም ካረጁ በኋላ ነው፤ በአንድ የአቦ ቀን ሌላው ሰው ሲወጣ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እታገኝ መነሳት አቅቷት በትሯን እየፈለገች ነበር። ሮማነወርቅ በትሯን አቀበለቻት።

«ይለፍሽ ማኅተሙ ክብ ነበር» አለች እታገኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። «አመዱ ላይ ቀርቶ ነበር። ነጭ ሆኖ ጥርት ብሎ ይታያል።»

ሮማነወርቅ ደነገጠች። «አይተሽ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የጣሊያን ወረቀት አቃጥዪ አልንሽ፤ የጣሊያን ወረቀት አቃጠልሽ። ማኅተሙ ነድዶ ሳየው ወንድሜ ትዝ አለኝ።» በትሯን አጥብቃ ያዘች። «ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

«አልመሰለኝም» አለች ሮማነወርቅ።

እታገኝ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«አንበሳው አሁንም አለ?»

«አለ።»

«አታሳዪኝ» ብላ ሄደች።